ለአሮጌ ፒካፖች የሚሸጡ የኒውትራል ስዊቾች፦ የቱ ይገዛ፣ የቱ ይቅር

አውቶማቲክ ካምቢዮ ባላቸው አሮጌ ፒካፖች ላይ ማርሹ በፓርክ ወይም በኒውትራል ካልሆነ ሞተሪኖው እንዳይመታ የሚከለክለው ትንሽ ስዊች በሦስት ደረጃ ይሸጣል። አንደኛው የመኪናው አምራች በራሱ የመለዋወጫ ስም የሚያቀርበው ነው፤ ለፎርድ ሞተርክራፍት፣ ለጄኔራል ሞተርስ ኤሲዴልኮ፣ ለዶጅ ሞፓር። ሁለተኛው እንደ ስታንዳርድ ሞተር ፕሮዳክትስ ያሉ የታወቁ የመለዋወጫ ድርጅቶች የሚሠሩት ነው። ሦስተኛው ካርቶኑ ላይ የረባ ስም የሌለው ርካሹ ነው።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። ለዶጅና ለፎርድ ሲ6 ካምቢዮ የታወቀ ድርጅት ሥራ ይበቃል፤ ለዋናው ተጨማሪ መክፈል አያስፈልግም። ለፎርድ ኢ4ኦዲ ካምቢዮ ግን ከዋናው በታች መግዛት ያው ሥራ ተመልሶ እንዲመጣ መጋበዝ ነው። ስም የለሹን ለየትኛውም አንመክርም፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንደርስበታለን። ከግዢው በፊት ግን አንድ ነገር መታወቅ አለበት፦ ይህ ስዊች ምንም ሳይሆን የሚቀየርበት ጊዜ ብዙ ነው። ጥፋቱ የማርሽ ዘንጉ ላይ ሆኖ ሳለ አዲስ ስዊች የገጠመ ሰው፣ ችግሩ ሲመለስበት ዕቃውን ይረግማል።

ስዊቹ በምን እንደሚሞት ለማወቅ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚያልፍበት ማየት ያስፈልጋል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በተሠሩ የጄኔራል ሞተርስ ፒካፖች ላይ ስዊቹ ከመሪው ዘንግ ግርጌ ተቀምጧል። ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው ሶሎኖይድ (ሞተሪኖውን የሚያስነሳው ኤሌክትሮማግኔት) የሚሄደው ወፍራም ሐምራዊ ሽቦ በቀጥታ በእሱ በኩል ያልፋል። ሶሎኖይዱ ሲስብ የሚጠይቀው ኃይል ሁሉ በትናንሽ ንክኪዎች ላይ ስለሚወርድ ንክኪዎቹ ከጊዜ ብዛት ይጠቁራሉ፣ በዙሪያቸው ያለው ፕላስቲክም ይለሰልሳል።

ፎርድ ሌላ መንገድ ነው የተከተለው። ሪሌዩን፣ ማለትም በጥቂት ኤሌክትሪክ ታዝዞ የሞተሪኖውን ትልቅ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውን ዕቃ፣ ፓራፋንጎው ላይ ስላስቀመጠ በስዊቹ የሚያልፈው የሪሌዩ መሳቢያ የሚፈልገው ጥቂት አምፔር ብቻ ነው። ስለዚህ የፎርድ ስዊች በቃጠሎ አይሞትም ማለት ይቻላል። የሚገድለው ካምቢዮው ጎን ላይ ተጋልጦ ስለተቀመጠ የሚገባበት ውሃ፣ ጭቃና ዘይት ነው።

ዶጅ ደግሞ በማሳ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር በተገናኘው የመኪናው ብረት) በኩል ይሠራል። ስዊቹ እንደ ቡሎን የካምቢዮው አካል ውስጥ የሚጠብቅ፣ ሦስት ፒን ያለው ዕቃ ነው። የመሃሉ ፒን በፓርክና በኒውትራል ለሞተሪኖው ሪሌይ ማሳ ይሰጣል፤ የዳርና የዳሩ በሪቨርስ ብቻ እርስ በርስ ተገናኝተው የኋላ ማርሽ መብራትን ያበራሉ። ከዚህ የሚከተል አንድ አደጋ አለ። ወደ መሃሉ ፒን የሚሄደው ሽቦ ተፍቆ የመኪናውን አካል ከነካ ሪሌዩ ማሳ ሁልጊዜ ያገኛል፤ መኪናው በድራይቭም ይነሳል። እንዲህ ያለው ዶጅ ስዊች ሳይሆን ሽቦ ነው የሚፈልገው።

ወደ ምርመራው ስንገባ መጀመሪያ ጎማው በሁለቱም በኩል ይታገዳል፣ የእጅ ፍሬን ይሳባል፣ የኮይሉ ሽቦ ተነቅሎ ሞተሩ እንዳይነሳ ይደረጋል። የማርሹ ዘንግ ፓርክ ላይ መታየቱ ብቻውን መተማመኛ አይሆንም። ከ1966 እስከ 1980 የተሠሩ የፎርድ አውቶማቲክ መኪኖች ከፓርክ ወደ ሪቨርስ ይንሸራተታሉ የሚል አቤቱታ በርትቶ፣ ኩባንያው በ1980 ከአሜሪካ መንግሥት ጋር በደረሰበት ስምምነት ወደ 23 ሚሊዮን ለሚጠጉ መኪኖች የማስጠንቀቂያ ተለጣፊ ልኳል። ከእነዚያ መኪኖች አንዱ ሥር የሚተኛ ሰው ይህን ቢያስታውስ መልካም ነው።

የመጀመሪያው ፍተሻ መሣሪያ አይፈልግም። የፊት መብራቱን አብርታችሁ ቁልፉን ወደ ማስነሻው አዙሩ። መብራቱ በጣም ከደከመ ትእዛዙ ሞተሪኖው ጋ ደርሷል፤ ስለዚህ ባትሪውን፣ ወፍራም ሽቦዎቹን ወይም ሞተሪኖውን እንጂ ስዊቹን አትጠርጥሩ። መብራቱ ሳይነቃነቅ ከቀረና ሪሌዩም ጠቅ ካላለ ትእዛዙ መንገድ ላይ ቀርቷል። ያን ጊዜ ማርሹን ወደ ኒውትራል አውርዳችሁ ሞክሩ። ሞተሪኖው በኒውትራል መትቶ በፓርክ እምቢ ካለ፣ ወይም ዘንጉን ወደ ላይ ገፋ አድርጋችሁ ስትይዙት ከመታ፣ ስዊቹ ደህና ሆኖ ከቦታው የተዛነፈ መሆኑ ይበልጣል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። በእነዚህ ዕድሜያቸው በገፋ ፒካፖች ላይ ከመሪው ዘንግ ወደ ካምቢዮው የሚወርደው የማርሽ ዘንግ በየመጋጠሚያው የጎማ ወይም የፕላስቲክ ቦኮላ አለው፤ ቦኮላው ሲበላ ዘንጉ ይላላል። ሹፌሩ ፓርክ አስገባሁ ሲል ካምቢዮው ላይ ያለው ክንድ የፓርክ ጎድጓዳውን ሳይሞላ ይቆማል፤ ስዊቹም ያየውን ነው የሚናገረው። አንድ ሰው ማርሹን እየቀያየረ ሌላው ከሥር ሆኖ ክንዱን ቢያይ ጥቂት ደቂቃ አይፈጅም። ክንዱ በእያንዳንዱ ማርሽ ጎድጓዳው ውስጥ በግልጽ ካልተቀመጠ መጀመሪያ ቦኮላው ይቀየር፣ ዘንጉም ይስተካከል። ይህ ሳይደረግ የተገጠመ አዲስ ስዊች በተዛነፈ ዘንግ ልክ ይስተካከላል፤ ዘንጉ ሲታደስ ደግሞ እንደገና ይዛነፋል።

ዘንጉ ደህና ከሆነ የሙከራ መብራት ያዙ። ፎርድ ላይ ፓራፋንጎው ላይ ካለው ሪሌይ ትንሿ እግር ላይ ቀዩ፣ ሰማያዊ ፈርጥ ያለበት ሽቦ ይገኛል። ቁልፉ ማስነሻ ላይ ተይዞ መብራቱ እዚያ ከበራና ሪሌዩ ዝም ካለ ጥፋቱ ሪሌዩ ወይም ማሳው ነው። ይህ ሪሌይ ማሳ የሚያገኘው በራሱ አካል በኩል ስለሆነ የሚታሰርባቸው ቡሎኖች ሥር ያለ ዝገት ብቻውን ያቆመዋል። መብራቱ ካልበራ ወደ ስዊቹ ሶኬት ውረዱ። የሚገባው ሽቦ ላይ ከሌለ ችግሩ ወደ ላይ፣ ቁልፉ ጋ ነው፤ በዚያ ዘመን ፎርድ ላይ የቁልፉ ስዊች መሪው ዘንግ ላይ ተቀምጦ በቀጭን ብረት ስለሚገፋ እሱም ከልኩ ይወጣል። የሚገባው ላይ በርቶ የሚወጣው ላይ ከጠፋ፣ ማርሹም በእርግጥ ፓርክ ላይ ከሆነ፣ ስዊቹ ተገኘ።

ማረጋገጫው ሶኬቱን ነቅሎ ሁለቱን የማስነሻ ሽቦዎች በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው። ሽቦው ፊውዝ ይኑረው። ለፎርድ 10 አምፔር ይበቃል፤ ለጄኔራል ሞተርሱ ሐምራዊ ሽቦ ግን ያ ፊውዝ ወዲያው ስለሚቃጠል ማገናኛው የሐምራዊውን ያህል ወፍራም፣ ፊውዙም ከፍ ያለ መሆን አለበት። የትኞቹ ሁለቱ እንደሆኑ ከመገመት በመኪናው የሽቦ ስዕል ላይ ማየት ይሻላል፤ በአራት ሽቦ ሶኬት ላይ ሌሎቹ ሁለቱ የኋላ ማርሽ መብራት ናቸው። ማገናኛው ለምርመራ ብቻ ነው። ቴፕ ተጠቅልሎበት እዚያው የቀረበት መኪና በድራይቭ ላይ ሆኖ ይነሳል፤ ቀጥሎ የሚነዳው ሰው ይህን አያውቅም።

ስለ ኦም (የኤሌክትሪክ ተቃውሞ) መለኪያ ቴስተር አንድ ማስጠንቀቂያ አለን። ቴስተሩ የሚልከው ኤሌክትሪክ እጅግ ጥቂት ስለሆነ የፀጉር ያህል ንክኪ በቀረው ስዊች ውስጥም አልፎ «ዜሮ ኦም፣ ደህና ነው» ይላል። ያው ስዊች የሶሎኖይድ ጭነት ሲመጣበት ይጠፋል። ለዚህ የሚሻለው ጭነት ላይ እያለ መለካት ነው፦ የቴስተሩን ሁለት ጫፎች በስዊቹ ሁለት ጎን አድርጋችሁ ቁልፉን ማስነሻ ላይ ያዙ። ከ0.5 ቮልት በላይ ከጠፋ ንክኪዎቹ አልቀዋል። ሞቆ ሲቆም እምቢ የሚል፣ ሲቀዘቅዝ የሚነሳ መኪናም ሞቆ እያለ ነው መለካት ያለበት።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ። ስም የለሹን የማንመክረው በርካሽነቱ አይደለም። ዕቃው ከመኪናው ጋር የሚስማማባቸው ሦስቱ ቦታዎች ላይ ሁሉ ልኩ ስለሚዋዥቅ ነው። አንደኛ፣ የማርሹ ዘንግ የሚገባበት ቀዳዳ ሰፋ ካለ ስዊቹ ከዘንጉ ጋር ሳይሆን ከኋላው እየተጎተተ ይዞራል፤ ፓርክ ላይ አንዴ ሠርቶ አንዴ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የሶኬቱ መቆለፊያ ጥርስ ደካማ ከሆነ በካምቢዮው ሙቀት ተለስልሶ ሶኬቱ በንዝረት ይላቀቃል። ሦስተኛ፣ የማስተካከያ ቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረ የፕላስቲክ ትርፍ ካለ መለኪያው ፒን እስከ ውስጥ አይገባም። የትኛውንም ብትገዙ መኪናው ሥር ከመግባታችሁ በፊት ጠረጴዛ ላይ በእጅ እያዞራችሁ በየማርሹ ቦታ ለኩ። ከፓርክና ከኒውትራል ውጪ የማስነሻው ጥንድ ፈጽሞ መገናኘት የለበትም። ይህን የማያልፈውን መልሱ።

ለሲ6 የታወቀው ድርጅት ስዊች ከዋናው የሚለይበትን ምክንያት አናይም። ሲ6 ከ1966 እስከ 1996 የተመረተ ካምቢዮ ስለሆነ ስዊቹ በብዛት ይሠራል፤ ግንባታውም ቀላል ነው፣ አራት ሽቦ፣ ሁለት ቡሎን። አገጣጠሙ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል። ከባትሪው ኔጋቲቭ ተነቅሎ፣ ወደ ታች ማርሽ የሚያስገድደው ዘንግ ከክንዱ ይላቀቃል። የዚያ ክንድ ዳዶ ለዓመታት ጭቃ የበላ ስለሆነ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፍቶ ማቆየት ግድ ነው። ክንዱ ያረፈበት የውስጠኛው ዘንግ በማርሹ ዘንግ መሃል ያልፋል፤ በጉልበት የሚፈታ ሰው ዘንጉን ያጣምመዋል፣ ያን ጊዜ ካምቢዮው ይከፈታል። ክንዱን በሌላ ቁልፍ ደግፎ ዳዶውን ብቻ ማዞር ይህን ያድናል። ከዚያ ሁለቱ ቡሎኖች ይፈታሉ፣ ሶኬቱ ይነቀላል፣ ስዊቹ ይወጣል።

አዲሱ ሲገባ ቡሎኖቹ ለጊዜው ልል ይሁኑ። ማርሹ ኒውትራል ላይ ይቀመጥ፤ በዳሽቦርዱ ቀስት ሳይሆን ከሥር ክንዱን ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው ወስዶ ጎድጓዶቹን በመቁጠር። ቁጥር 43 የሚባለው ድሪል፣ ማለትም 2.26 ሚሊሜትር፣ በለስላሳ ጫፉ በኩል ወደ ማስተካከያ ቀዳዳው ይገባል። ስዊቹን በቀስታ እያዞራችሁ ድሪሉ ሦስቱንም ንብርብር አልፎ ወደ 12 ሚሊሜትር ያህል እስኪሰምጥ ጠብቁ። የመጀመሪያውን ቀዳዳ ብቻ አልፎ የቆመ ድሪል ልክ የገባ ይመስላል፤ በዚህ ሥራ ላይ የምናየው ተደጋጋሚ ስህተትም ይኸው ነው። ቡሎኖቹ ከ6 እስከ 8 ኒውተን ሜትር ብቻ ይጠበቃሉ። ከዚህ ካለፈ የፕላስቲኩ ጆሮ ይሰነጠቃል፣ ስዊቹም በሳምንታት ውስጥ ቦታውን ይለቃል። ድሪሉን ማውጣት አትርሱ፤ በውስጡ እያለ ማርሽ የቀየረ ሰው አዲሱን ዕቃ ሰብሮታል።

ኢ4ኦዲ ሌላ ነገር ነው። ከ1989 ጀምሮ በኤፍ ተከታታይ ፒካፖች ላይ የመጣው ይህ ካምቢዮ በኮምፒውተር ስለሚታዘዝ፣ ስዊቹ ከማስነሻውና ከኋላ መብራቱ ሌላ ማርሹ የት እንዳለ በኦም ልክ ለኮምፒውተሩ ይናገራል። ፓርክ ላይ ከ3770 እስከ 4607 ኦም፣ ሪቨርስ ከ1304 እስከ 1593፣ ኒውትራል ከ660 እስከ 807፣ ኦቨርድራይቭ ከ361 እስከ 442፣ ሁለተኛ ከ190 እስከ 232፣ አንደኛ ከ78 እስከ 95 መሆን አለበት። ውሃ ሲገባበት እነዚህ ቁጥሮች ይዋዥቃሉ፤ ኮምፒውተሩ የተሳሳተ ማርሽ ይገምታል፣ ካምቢዮው በኃይል ይመታል፣ የኦቨርድራይቭ መብራትም ብልጭ ድርግም ይላል። ባለቤቱ ካምቢዮው አለቀ ብሎ ሲያስፈታው ጥፋቱ ይህ ስዊች ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ አለ። ዋናውን ግዙ የምንለው ለዚህ ነው፦ ርካሹ መኪናውን ሊያስነሳ ይችላል፤ የኦሙ ልክ ግን ከዳር እስከ ዳር ሊዛነፍ ይችላል፣ ይህም የሚታወቀው ካምቢዮው ከተጎዳ በኋላ ነው። ሶኬቱ ውስጥ አረንጓዴ ዝገት ወይም ዘይት ካለ ሶኬቱም ከነሽቦው ይቀየር። በአሮጌ ሶኬት ላይ አዲስ ስዊች መግጠም ትርጉም የለውም።

የዶጁ በጣም ቀላሉ ነው፤ ሥራው የሚበላሸውም በዘይት ብቻ ነው። ስዊቹ ከካምቢዮው ውስጥ ስለሚወጣ ከሥሩ ዕቃ አስቀምጡ፤ ጥቂት ዘይት ይፈሳል፣ በኋላም ልኩ ታይቶ ይሞላል። ፈትታችሁ ሳለ ማርሹን ወደ ፓርክና ወደ ኒውትራል እየወሰዳችሁ በቀዳዳው ውስጥ ተመልከቱ። የማንቂያው ብረት ጣቶች በሁለቱም ቦታ በቀዳዳው መሃል መምጣት አለባቸው። ካልመጡ አዲስ ስዊች ምንም አይፈይድም፣ ዘንጉን አስተካክሉ። አዲሱ በአዲስ ማሸጊያ ገብቶ 33 ኒውተን ሜትር ያህል ይጠበቃል። ቀድሞውኑ በፒኖቹ ዙሪያ ዘይት የሚያንጠባጥብ ስዊች፣ ቢሠራም እንኳ፣ መቀየር ያለበት ነው።

የጄኔራል ሞተርሱን በአጭሩ እንለፈው። ብዙዎቹ አዲስ ሲመጡ ኒውትራል ላይ በፕላስቲክ ፒን ተይዘው ነው። ማርሹ ኒውትራል ላይ ሆኖ ይገጠማሉ፤ ማርሹ መጀመሪያ ሲንቀሳቀስ ፒኑ ራሱ ይሰበራል። ስለዚህ ቡሎኖቹ ሳይጠብቁ ማርሹን አትንኩ። ሐምራዊው ሽቦ ሶኬቱ አጠገብ ጠቁሮ ከሆነ ጤናማ ሽቦ እስኪገኝ ድረስ ቆርጣችሁ ቀጥሉት፤ የቃጠሎው ሙቀት አዲሱንም ይበላዋል።

የትኛውም ተገጥሞ ሲያልቅ ጎማው እንደታገደ፣ እግር ፍሬን ላይ ተጭኖ፣ ኮይሉ እንደተነቀለ፣ ቁልፉ በየማርሹ ይሞከራል። በፓርክና በኒውትራል ሞተሪኖው ይመታል፤ በሪቨርስ፣ በድራይቭ፣ በሁለተኛና በአንደኛ ዝም ይላል፤ በሪቨርስ ላይ የኋላ መብራቱ ይበራል። ከዚያ ዘንጉን በፓርክና በሪቨርስ መካከል ቀስ እያላችሁ ስታንቀሳቅሱ ቁልፉን ያዙት። ዘንጉ ከፓርክ ወጥቶ ሪቨርስ ሳይዝ ገና ሞተሪኖው ከመታ ማስተካከያው ወደ አንድ ጎን ሄዷል። ቡሎኖቹን ፈታ አድርጋችሁ እንደገና አስተካክሉ፤ ሲ6 ከሆነ ከድሪሉ ጀምሩ።